የሊንድበርግ ሕፃን እገታና የሃውፕትማን ፍርድ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጥያቄዎቹ ከቀላሉ ወደ ከባዱ ተደርድረዋል፤ ቀናቱና ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የሊንድበርግ ጉዳይ የሚባለው ምንድን ነው?

ማክሰኞ ማርች 1 ቀን 1932 ማታ፣ በአሜሪካ ኒው ጀርሲ ግዛት ሆፕዌል ከምትባል ትንሽ ከተማ አጠገብ፣ የ20 ወር ሕፃን ከአልጋው ተሰረቀ። ስሙ እንደ አባቱ ቻርልስ ሊንድበርግ ነው። ሞግዚቱ ቤቲ ጋው ከምሽቱ አራት ሰዓት ገደማ ልታየው ስትገባ አልጋው ባዶ ነበር። መስኮቱ ሥር 50,000 ዶላር የሚጠይቅ ደብዳቤ ተቀምጦ ተገኘ፤ ከቤቱ ውጭ ደግሞ በእጅ የተሠራ፣ ከሦስት ክፍል የሚገጣጠምና የተሰበረ መሰላል ወድቆ ነበር።

ገንዘቡ ተከፈለ፤ ሕፃኑ ግን አልተመለሰም። ሜይ 12 ቀን አንድ የጭነት መኪና ሾፌር ከቤቱ ሰባት ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ጫካ ውስጥ አስከሬኑን አገኘው። የራስ ቅሉ ተሰንጥቋል፤ ከሞተም ሁለት ወር አልፎታል። ወላጆቹ ያን ሁሉ ጊዜ ሲደራደሩ የከረሙት በሕይወት ለሌለ ልጅ ነበር። ከሁለት ዓመት ተኩል በኋላ ብሩኖ ሪቻርድ ሃውፕትማን የተባለ ጀርመናዊ ስደተኛ አናጢ ተያዘ፤ የሞት ፍርድ ተፈረደበት፤ ኤፕሪል 3 ቀን 1936 በትሬንተን እስር ቤት በኤሌክትሪክ ወንበር ተገደለ። እስከ መጨረሻይቱ ሰዓት ንጹሕ ነኝ እንዳለ ነው የሞተው፤ ክርክሩም በዚያ አላበቃም።

አባትየው ማን ነበር? ጉዳዩስ ለምን ያን ያህል ገነነ?

ቻርልስ ሊንድበርግ በሜይ 1927 ከኒው ዮርክ ተነሥቶ፣ ብቻውን፣ የትም ሳያርፍ፣ በ33 ሰዓት ተኩል በረራ ፓሪስ የገባ አብራሪ ነው። ከእርሱ በፊት ይህን ያደረገ አልነበረም። ባለቤቱ አን ደግሞ የአምባሳደርና የሴናተር ልጅ ነበረች። ልጃቸው ሲሰረቅ አሜሪካውያን የገዛ ልጃቸው የተወሰደባቸው ያህል ደነገጡ።

ይህ ዝና ምርመራውን ክፉኛ ጎዳው። ጋዜጠኛና ተመልካች ግቢውን አጥለቀለቀው፤ ከመስኮቱ ሥር የታየው የእግር ዱካ እንኳን በወጉ ሳይለካ ቀረ። የግዛቱ ፖሊስ አዛዥ ኮሎኔል ኖርማን ሽዋርዝኮፍ አባትየውን እጅግ ያከብር ስለ ነበር ብዙውን ውሳኔ ለእርሱ ተወለት። ልጁን በሕይወት ለማግኘት የሚማስንን አባት ማንም አይወቅስም፤ ምርመራውን መምራት ግን የፖሊሱ ሥራ ነበር። በዚህ መካከል ጋስተን ሚንስ የተባለ አጭበርባሪ ሕፃኑን አስመልሳለሁ ብሎ ከአንዲት ባለጸጋ ሴት 100,000 ዶላር ወሰደ። በአን ወላጆች ቤት ታገለግል የነበረችው ቫዮሌት ሻርፕ ደግሞ ፖሊስ ደጋግሞ ሲያፋጥጣት ቆይቶ በጁን 1932 ራሷን በመርዝ አጠፋች። በእገታው እጇ እንዳለበት የሚያሳይ አንድም ማስረጃ አልተገኘም። ስለዚህ ጉዳይ ሲወራ የእርሷ ስም አብዛኛውን ጊዜ ይዘለላል፤ መዘለል ግን የለበትም።

ማስለቀቂያው ገንዘብ ለማን፣ እንዴት ተከፈለ?

ጆን ኮንደን የተባሉ በሰባዎቹ ዕድሜ ያሉ ጡረተኛ ርእሰ መምህር በኒው ዮርክ የብሮንክስ ሰፈር ጋዜጣ ላይ አማላጅ ልሁን የሚል ደብዳቤ አወጡ፤ አጋቾቹም ተቀበሏቸው። ኮንደን ሌሊት በመቃብር ስፍራ «ጆን» ነኝ ከሚል ሰው ጋር ተገናኙ። በኋላ የሕፃኑ የሌሊት ልብስ ለማረጋገጫ በፖስታ ተላከላቸው። ኤፕሪል 2 ቀን 1932 በሴንት ሬይመንድ መቃብር 50,000 ዶላሩን አስረከቡ። ሕፃኑ አንዲት ጀልባ ላይ ነው ተባለ፤ ሊንድበርግ በአውሮፕላን ባሕሩን ቢያስስ ጀልባ የሚባል አልነበረም።

የግብር መሥሪያ ቤቱ መርማሪ ኤልመር አይሪ ግን አንድ ብልህ ሥራ ሠርቷል። የገንዘቡ ቁጥር ሁሉ እንዲመዘገብ፣ አብዛኛውም በወርቅ የሚመነዘር ልዩ የወረቀት ገንዘብ እንዲሆን አደረገ። አሜሪካ በ1933 እንዲህ ያለው ገንዘብ ወደ ባንክ ይመለስ ብላ ስታውጅ፣ ከዚያ በኋላ በእጁ ይዞ የሚመነዝር ሰው ሁሉ ዓይን የሚስብ ሆነ።

ሃውፕትማን እንዴት ተያዘ?

በሴፕቴምበር 1934 በማንሃተን አንድ የነዳጅ ማደያ ሠራተኛ 10 ዶላር የወርቅ ገንዘብ ተቀበለ። የከፈለው ሰው የቀዳው ነዳጅ ዋጋው 98 ሳንቲም ብቻ ነበር። ሠራተኛው ገንዘቡ ሐሰተኛ ሳይሆን አይቀርም ብሎ ስለ ሰጋ የመኪናውን የሰሌዳ ቁጥር በዚያው በገንዘቡ ጠርዝ ላይ ጻፈው። ባንኩ ቁጥሩን ከተመዘገበው ዝርዝር ጋር ሲያስተያይ የማስለቀቂያው ገንዘብ ሆነ፤ ሰሌዳውም ወደ ብሮንክሱ አናጢ ወሰዳቸው።

ሴፕቴምበር 19 ቀን ሲያዝ ኪሱ ውስጥ 20 ዶላር ከዚያው ገንዘብ ተገኘበት። ጋራዡ ሲፈተሽ ደግሞ በድምሩ 14,600 ዶላር ያህል ተደብቆ ነበር። ሃውፕትማን ጀርመን ሳለ በስርቆት ታስሯል፤ ከወንጀሎቹ አንዱም መሰላል ተጠቅሞ የአንድ ከንቲባን ቤት መዝረፍ ነበር። በ1923 አሜሪካ የገባው ያለ ፈቃድ፣ መርከብ ላይ ተደብቆ ነው። ይህ ሁሉ ጋዜጣ ላይ ሲወጣ፣ ችሎት ሳይቆም ሰው በልቡ ፈርዶበት አበቃ።

ገንዘቡን ከየት አገኘሁት አለ?

ኢሲዶር ፊሽ የተባለ ጀርመናዊ ጓደኛዬና የንግድ ሸሪኬ ነው የተወልኝ አለ። ፊሽ በዲሴምበር 1933 ወደ ጀርመን ሲሄድ የጫማ ካርቶን አደራ ሰጠኝ፤ እኔም ሳልከፍት ቁም ሳጥን ውስጥ አስቀመጥሁት፤ ዝናብ ቤት ውስጥ ገብቶ ካርቶኑን ሲያረጥበው ገንዘብ መሆኑን አየሁ፤ ፊሽ ዕዳዬን ሳይከፍለኝ ስለ ሞተ ከዚያ ወሰድሁ የሚል ነበር ቃሉ። ፊሽ በእርግጥም በማርች 1934 በላይፕዚግ በሳንባ ነቀርሳ ሞቷል። ሙት ደግሞ አይመሰክርም፤ አያስተባብልም።

ታሪኩን ማመን የሚያስቸግረው መጀመሪያ ሲጠየቅ ሌላ የወርቅ ገንዘብ የለኝም ብሎ ስለ ዋሸ ነው። በዚያ ላይ ማስለቀቂያው በተከፈለበት ሰሞን የአናጢነት ሥራውን ትቶ በአክሲዮን ንግድ መኖር ጀምሮ ነበር። ፊሽ ግን የፈጠራ ሰው አይደለም፤ ሌሎች ሰዎችንም ገንዘባቸውን እየወሰደ ያታለለ ሰው ነበር። ስለዚህ ታሪኩ ደካማ ነው ማለት ይቻላል፤ የማይሆን ነው ማለት ግን ሌላ ነገር ነው።

በእገታ ተከሶ እንዴት በሞት ተቀጣ?

በዚያን ጊዜ በኒው ጀርሲ ሕግ እገታ ሞት አያስፈርድም ነበር። ስለዚህ ዐቃቤ ሕጉ ሌላ መንገድ ፈለገ። ሰው ቤት ሰብሮ ለመስረቅ ሲገባ ሰው ከሞተ፣ ሆን ብሎ ባይገድልም እንደ ነፍሰ ገዳይ ይቆጠራል። የተሰረቀውስ ምንድን ነው ሲባል፣ ሕፃኑ የለበሰው የሌሊት ልብስ ነው ተባለ። በአንድ ሕፃን ልብስ ስርቆት ላይ የተንጠለጠለ የሞት ፍርድ ነበር ማለት ነው። ፌዴራሉ መንግሥት ከግዛት ወደ ግዛት የሚደረግ እገታን የሚመለከት «የሊንድበርግ ሕግ» የተባለውን ያወጣው ሕፃኑ ከተሰረቀ በኋላ፣ በጁን 1932 ነው።

የሙግቱ ሂደት ፍትሐዊ ነበር?

አልነበረም። በዚህ ላይ ጥፋተኛ ነው ብለው የሚያምኑ ብዙ ሰዎች ሳይቀሩ ይስማማሉ። ሙግቱ ከጃንዋሪ 2 እስከ ፌብሩዋሪ 13 ቀን 1935 ፍሌሚንግተን በምትባል ትንሽ ከተማ ሲካሄድ ከተማይቱ ገበያ ሆና ነበር፤ ደጅ ላይ ትንንሽ መሰላል ለማስታወሻ ይሸጥ ነበር። አዳራሹ ውስጥ በድብቅ የተቀረጸ ፊልም በየሲኒማ ቤቱ ታየ። የአሜሪካ ጠበቆች ማኅበር በ1937 ካሜራ ከችሎት ይውጣ ያለው ይህን ካየ በኋላ ነው።

ዋናው ተከላካይ ጠበቃ ኤድዋርድ ራይሊ አበሉን የሚቀበለው ከጋዜጣ ነበር፤ ጋዜጣው ደግሞ በምትኩ ወሬውን ለብቻው ያገኛል። ራይሊ ከደንበኛው ጋር ለብቻው ተቀምጦ የተነጋገረው ከአንድ ሰዓት ያነሰ ጊዜ ነው ይባላል። አስከሬኑ የሊንድበርግ ልጅ ስለ መሆኑ አንከራከርም ብሎ ሲናገር፣ ረዳቱ ሎይድ ፊሸር ተቆጥቶ ከአዳራሹ ወጣ፤ ደንበኛቸው በዚያች ቃል ወደ ወንበሩ እንደ ተላከ ገብቶት ነበርና።

ምስክሮቹን ደግሞ እንመልከት። ኮንደን፣ ሃውፕትማን ከተያዘ በኋላ፣ በፖሊስ ጣቢያ ሰዎች ተደርድረው ሲያዩ፣ ያ «ጆን» እርሱ ነው ለማለት አልደፈሩም ነበር፤ ችሎት ላይ ግን ያለ ማመንታት እርሱ ነው አሉ። አሜንደስ ሆክሙት የተባሉ የ87 ዓመት አዛውንት በዚያ ቀን ሃውፕትማንን በመኪና ሲያልፍ አየሁት አሉ፤ ዓይናቸው ግን በጣም ደካማ እንደ ነበር በኋላ ተረጋግጧል። ሊንድበርግ ራሱ በ1932 በመቃብሩ አጥር አጠገብ መኪና ውስጥ ሆኖ ከሩቅ የሰማው ኮንደንን የሚጠራ አንድ ጩኸት ብቻ ነው። ክስ ለሚመረምረው የብሮንክስ ሸንጎ በዚያ ድምፅ ሰውን መለየት እንደሚከብደው ተናግሮ ነበር፤ ፍሌሚንግተን ላይ ግን ድምፁ የሃውፕትማን ነው ብሎ መሰከረ። አሜሪካ እጅግ የምትወደው ሰው፣ ልጁን ያጣ አባት፣ እንዲህ ሲል ጥፋተኛ ነው ወይም አይደለም ብለው ከሚወስኑት 12 የጁሪ አባላት ማን ይጠራጠራል? ዐቃቤ ሕጉ ዴቪድ ዊሌንዝ ደግሞ ሲጀምር ሕፃኑ የሞተው መሰላሉ ሲሰበር ወድቆ ነው ብሎ ነበር፤ በመዝጊያ ንግግሩ ግን እዚያው ክፍል ውስጥ ተገደለ አለ። ተከሳሹ መልስ ሊሰጥበት በማይችልበት ሰዓት የክሱ ታሪክ ተለወጠ፤ ዳኛው ቶማስ ትሬንቻርድም ይህን አለፉት።

ተደብድቦ ነው የእምነት ቃል የሰጠው?

የእምነት ቃል አልሰጠም፤ ይህ በብዙ ሰው ዘንድ የተሳሳተ ወሬ ነው። በኒው ዮርክ ፖሊስ ጣቢያ እንደ ተደበደበ ግን ተናግሯል፤ ከቀናት በኋላ ያየው ሐኪምም በሰውነቱ ላይ የመመታት ምልክት መዝግቧል። በዚያ ሌሊት ለሰዓታት እንቅልፍ ተነሥቶ እየተነበበለት እንዲጽፍ ተደርጓል። የእጅ ጽሕፈት ባለሙያዎች የማስለቀቂያ ደብዳቤዎቹን ያወዳደሩት በዚህ መንገድ ከተገኙ ወረቀቶችና ከቀድሞ ጽሑፎቹ ጋር ነው። ሃውፕትማን በደብዳቤዎቹ ላይ የነበሩትን የፊደል ስህተቶች እንድጽፍ ታዝዣለሁ ሲል፣ ፖሊሶቹ ይህን ክደዋል።

ዐቃቤ ሕግ ስምንት የጽሕፈት ባለሙያዎችን ሲያቀርብ፣ ተከላካዩ ያቀረበው አንድ ብቻ ነበር።

የመሰላሉ እንጨት ማስረጃ ፖሊስ የፈጠረው ነው?

ከጥያቄዎቹ ሁሉ ይህ ነው የሚከብደው። አርተር ኬለር የተባለ በዊስኮንሲን የመንግሥት ላቦራቶሪ የሚሠራ የእንጨት ተመራማሪ፣ ሃውፕትማን ከመያዙ በፊት፣ የመሰላሉን ጣውላ የመላጊያ ማሽን ምልክት ተከትሎ ደቡብ ካሮላይና ያለ መሰንጠቂያ ደረሰ። ከዚያም ጣውላው የተላከባቸውን ቦታዎች እያጣራ በ1933 ብሮንክስ ወዳለ አንድ የእንጨት መሸጫ መጣ። ሃውፕትማን ከዚያ መሸጫ እንጨት ይገዛ፣ እዚያም ሠርቶ ያውቅ ነበር። እንዲህ ያለውን ትዕግሥትና ሙያ ማድነቅ ግድ ነው።

ጥርጣሬው የሚነሣው ከመያዙ በኋላ በተገኘው ላይ ነው። ሃውፕትማን በሚኖርበት ቤት ከኮርኒሱ በላይ ካለው ወለል አንድ ጣውላ በከፊል ተቆርጦ ጠፍቷል፤ ከመሰላሉ ቋሚዎች አንዱ፣ 16 ቁጥር የተሰጠው፣ የምስማር ቀዳዳዎቹ ከወለሉ ተሸካሚ እንጨት ቀዳዳዎች ጋር ገጠመ ተባለ። ይህ የተገኘው ቤቱ በተደጋጋሚ ከተፈተሸ በኋላ፣ ፖሊስ ተከራይቶ በያዘበት ጊዜ ነው። ቀድሞ የፈተሹት እንዴት ሳያዩት ቀሩ የሚለው ጥያቄ አጥጋቢ መልስ የለውም። በኋላ ዘመን የእንጨቱን የዕድገት ቀለበት እንደ ገና የመረመሩ ሰዎች ግን ሁለቱ ጣውላዎች በእርግጥ አንድ እንደ ነበሩ ይናገራሉ። ቁም ሳጥኑ ውስጥ ተጽፎ የተገኘው የኮንደን ስልክ ቁጥር ሌላ ነገር ነው፤ እርሱን አንድ ጋዜጠኛ ለወሬ ብሎ እንደ ጻፈው ተደጋግሞ ተነግሯል፤ እኔም ያን ማስረጃ ከሚዛኑ ላይ አወርደዋለሁ። እንጨቱን ግን ማውረድ አልቻልሁም።

የግዛቱ ገዥ ለምን ጣልቃ ገባ?

ሃሮልድ ሆፍማን በኦክቶበር 1935 ሌሊት በምስጢር ሃውፕትማንን በሞት ፍርደኞች ክፍል ጎበኘው። ያልተፈቱ ጥያቄዎች እንዳሉ ስላመነ በጃንዋሪ 1936 የ30 ቀን ማራዘሚያ ሰጠው፤ በዚህም ጋዜጦች ተረባረቡበት። የይቅርታ ጉባኤው ግን ይግባኙን አልተቀበለም፤ ገዥው ከአባላቱ አንድ ድምፅ ብቻ ነበረው። ሃውፕትማን ቢናዘዝ ሕይወቱ ሊተርፍ እንደሚችል ተነግሮታል፤ ለሚስቱና ለልጁ ገንዘብ እንሰጣለን ያለ ጋዜጣም ነበር። እምቢ አለ። ጥፋተኛ ሰውም እስከ ሞት ሊክድ ይችላል፤ ሚስቱንና ሕፃን ልጁን በችግር ጥሎ መካዱ ግን ዛሬም ድረስ ብዙዎችን ያሳስባል።

በዚያው ሰሞን ኤሊስ ፓርከር የተባለ የታወቀ መርማሪ፣ እውነተኛው አጋች ሌላ ነው ብሎ ፖል ዌንደል የተባለን ሰው አስጠልፎ፣ አስደብድቦ፣ የሐሰት የእምነት ቃል አስፈረመው። ፓርከር በዚያው በሊንድበርግ ሕግ ተፈርዶበት በ1940 እስር ቤት ውስጥ ሞተ።

ብቻውን ነበር?

ዐቃቤ ሕጉ ብቻውን ነው ብሏል። እኔ ይህን አላምንም። የሊንድበርግ ቤተሰብ በሳምንቱ አዘቦት ቀናት እዚያ ቤት አያድርም ነበር፤ በዚያ ማክሰኞ የቀሩት ልጁ ጉንፋን ስለ ያዘው ነው። ብሮንክስ ያለ አናጢ ይህን እንዴት ዐወቀ? ከ50,000 ዶላሩ ብዙው የት ገባ? ከመያዙ በፊት የተመነዘረው ተደምሮም ሂሳቡ አይሞላም።

አባትየው ራሱ ነው የሚሉ አሉ፤ እውነት ነው?

ይህን የሚያስረዳ አንድም ማስረጃ አልቀረበም። የኋላ ዘመን የፖለቲካ አቋሙን፣ ማለትም አሜሪካ ናዚ ጀርመንን እንዳትዋጋ መከራከሩን፣ መጥላት ይቻላል፤ ከዚያ ተነሥቶ ልጁን አስገደለ ማለት ግን በሃውፕትማን ላይ የተፈጸመውን ስህተት በሌላ ሰው ላይ መድገም ነው።

ታዲያ የተገደለው ንጹሕ ሰው ነው?

ሁለት ጥያቄዎች እዚህ ላይ ይደባለቃሉ። አንደኛው፣ ሃውፕትማን በነገሩ እጁ ነበረበት ወይ? ገንዘቡና እንጨቱ ሲደመሩ፣ ቢያንስ በማስለቀቂያው ነበረበት ብዬ አምናለሁ። ሁለተኛው፣ ሕፃኑን እርሱ ራሱ ገብቶ እንደ ወሰደና ሞቱ በእርሱ እጅ እንደ ሆነ ተረጋግጧል ወይ? አልተረጋገጠም። በዚያ አካባቢ አየነው ያሉት ዓይናቸው የደከመ አንድ አዛውንትና ጥቂት የማያስተማምኑ ምስክሮች ናቸው፤ የጣት አሻራው መሰላሉ ላይም ሆነ ክፍሉ ውስጥ አልተገኘም።

ሰው የሚፈረደው በተረጋገጠበት ልክ ነው፤ በተጠረጠረበት ልክ አይደለም። ዕድሜ ልክ ታስሮ ቢሆን ኖሮ፣ ብቻውን ካልነበረ ምናልባት አንድ ቀን ሌሎቹን ይናገር ነበር። ሕፃኑ ከተሰረቀ አራት ዓመት ከአንድ ወር ብቻ ቆይቶ የመጣው የኤሌክትሪክ ወንበር ይህን በር ዘጋው። ስለዚህ ፍርዱን የተሳሳተ ነው ስል፣ ሰውየው መልአክ ነበር ማለቴ አይደለም።

ፍርዱ ዛሬ ሊሻር ይችላል?

ባለቤቱ አና ሃውፕትማን ይህን ለማድረግ ዕድሜዋን ሰጠች። በዚያ ማታ ከምሠራበት ዳቦ ቤት መጥቶ ወስዶኛል የሚል ነበር የዘወትር ቃሏ። በ1981 በኒው ጀርሲ ግዛት ላይ ክስ መሠረተች፤ ፍርድ ቤቶቹ ሳይቀበሏት ቀሩ። የገዥው ሆፍማን ከ20,000 ገጽ በላይ ሰነድ በ1985 ሲገኝ እንደ ገና ሞከረች፤ አሁንም አልተሳካላትም። መሰላሉና ደብዳቤዎቹ ዛሬ በዌስት ትሬንተን በግዛቱ ፖሊስ ቤተ መዘክር ተቀምጠዋል፤ የፖስታዎቹ ሙጫ በዘረመል ይመርመር የሚሉ ሰዎችም አሉ። አና ሌላ ባል አላገባችም። በ95 ዓመቷ፣ ኦክቶበር 10 ቀን 1994 አረፈች፤ ከሪቻርድ ጋር የተጋቡበት ቀን 69ኛ ዓመት ነበር።